የዓርብ ሄሎ

ቃኘው የአጎቴ ልጅ ነው። እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ «ጨዋ ነው፣ ቃል አይወጣውም» ይሉታል። እንዲህ ብለው ሲያሞግሱት ይከነክነኛል። ቃኘው ዝም የሚለው ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚያናግረው ሰው ሳያገኝ ስላደገ ነው። እናቱ እሱን በወለደች በሳምንቷ አራስ ቤት ሞተች። አባቱ ሌላ ሚስት አግብቶ ራቅ ወዳለ አገር ሄደ። ያሳደገችው የእናቱ አክስት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ልጅ ማናገር ሥራ መፍታት የሚመስላት ሰው ነበረች። «እማዬ» የምትለዋን ቃል ቃኘው የሰማት ሌሎች ልጆች ሲጠሩባት ብቻ ነው።

እዚህ ከመጣ በኋላም ሕይወቱ ብዙ አልተለወጠም። ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን አንድ መጋዘን ውስጥ ማልጌዛ ይነዳል፤ ማልጌዛ ያቺ ዕቃ የምታነሳና የምታወርድ ባለ ሁለት ጣት መኪና ናት። ሚስት አግብቶ ነበር፤ ሦስት ዓመት አብራው ኖራ «ከግድግዳ ጋር መኖር ሰለቸኝ» ብላ ተፋታችው። አልፈርድባትም። እኔም አንዳንዴ ቤቴ መጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሲቀመጥ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቢያንስ ሳል!» እለዋለሁ። ይስቃል። ሳቁ እንኳ ድምፅ የለውም።

አንድ ነገር ግን ነበረው። ድምፁ ከወንድሜ ከብሩ ድምፅ ጋር አንድ ነው። ወንድሜ ሲናገር የሚሰማው ያ ወፈር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሰበር ድምፅ፣ ቃኘው አፍ ውስጥም ነበር። የብሩ ሚስት ስልክ ስታነሳ ሁለቱን ለይታ አታውቅም፤ ስንቴ ቃኘውን «ዳቦ ሳትገዛ እንዳትመጣ!» ብላ ጮኻበታለች። ቃኘውም ምንም ሳይል ዳቦውን ገዝቶ ይመጣ ነበር።

ብሩ በፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ የሐኑካ በዓል ሰሞን ሞተ። ጠዋት ሥራ ሊሄድ አውቶቡስ ሲጠብቅ ልቡ ቆመ። ዕድሜው አርባ ስምንት ነበር። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፣ ሰው ተሳፈረ፣ ወንድሜ ግን ፌርማታው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። የተኛ መስሏቸው ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እናታችን አገኘሽ ያን ጊዜ ጎንደር ነበረች። እኛ ስንመጣ እሷ ፋይሏ ላይ ጥያቄ አለ ተብላ ቀረች። «ስድስት ወር ነው» አሉን። ስድስት ወሩ አሥር ዓመት ሆነ። ከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከሌሎቹ ጠባቂዎች ጋር፣ ዛሬ ነገ ስትባል አረጀች። ጆሮዋም ከዳት። በግራ ጆሮዋ፣ ስልኩን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ የሚጮኽላትን አንድ ሁለት ቃል ትሰማለች እንጂ ወሬ መከተል አትችልም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከሰንበት በፊት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ስልክ የምትደውልላት ጎረቤቷ ሐረጓ ነበረች።

ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ እምዬ በቀጭን ድምፅዋ «ሄሎ… ሄሎ» ትላለች፣ ሁለት ጊዜ። እኔ «ሄሎ እምዬ!» ብዬ እጮኻለሁ። ብሩ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ «ሄሎ!» ይላል፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ከዚያ እምዬ ስልኩን ለሐረጓ ትሰጥና የቀረውን ሐረጓ ታቀባብለን ነበር። «ጤና ናችሁ ወይ ትላለች። ዝናብ ጥሏል ወይ ትላለች። ሬሺማው ወጣ ወይ ትላለች።» ሬሺማ የሚባለው ለመምጣት የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ነው፤ ሁላችንም ያቺን ቃል የምናውቃት ከራሳችን ስም በላይ ነው። እምዬ ከልጆቿ በገዛ ጆሮዋ የምትሰማው ግን ያቺኑ ሄሎ ብቻ ነበር። በሳምንት አንድ ከእኔ፣ አንድ ከብሩ።

የብሩ ሺቫ፣ ማለት የሰባቱ ቀን ሐዘን፣ ላይ ተቀምጠን ሳለ ዓርብ ደረሰ። ስልኩ ጠራ። ልቅሶው እንዳይሰማ ደረጃው ላይ ወጥቼ አነሳሁት። «ብሩስ?» አለች ሐረጓ። «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩ። የሚቀጥለው ዓርብ «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል» አልኩ። በሦስተኛው ምን እንዳልኩ አላስታውስም። በአራተኛው ሐረጓ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባንችዬ፣ የልጄን ድምፅ ካልሰማሁ እህል አልቀምስም ብላለች። ከትናንት ጀምሮ ውኃ ብቻ ነው» አለችኝ።

ወደ አባ አቻምየለህ ሄድኩ። የእኛ ሰው ሲሞትም ሲጋባም ሲጣላም የሚጠራው እሳቸውን ነው። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ጊዜ እንዲያ ነበር የማስበው። ጉዳዩን ስነግራቸው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አሰቡ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። «ማን እጇን ይይዛታል? ማን ውኃ ያቀምሳታል? ብቻዋን ተከራይታ በተቀመጠችበት ቤት ልጅሽ ሞተ ይባላል እንዴ? ትቆይ። እዚህ ስትደርስ እኛ ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን።»

«እስከዚያ በረሃብ ብትሞትስ?»

«አንድ መላ ፈልጊ» አሉኝ። መላው ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ሽማግሌ ሲባል እንዲህ ነው፤ ከባዱን ለራስሽ ይተውልሻል።

በዚያ ሰሞን በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ራማት ፖሌግ ሰፈር ኤሊሸቫ የሚባሉ አሮጊት ቤት እሠራ ነበር። ከእንግሊዝ አገር የመጡ፣ አርባ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው። በዕብራይስጥ «አት»፣ አንቺ፣ ብዬ ነው የማናግራቸው፤ ቋንቋው አክብሮት አያውቅም። በሆዴ ግን ሁልጊዜ እርስዎ እላቸዋለሁ። ጡረታ ከወጡ ሃያ ዓመት ቢሆናቸውም ማስተማር አልተዋቸውም፤ ሳህን ሳጥብ ስለ ሳህን፣ መስኮት ስወለውል ስለ መስኮት በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል። እኔም የማልፈልገውን ብዙ ቃል ተምሬአለሁ።

አንድ ማክሰኞ ስልካቸው ጠራና «ሄሎ?» ብለው አነሱት። የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ሲዘጉት ድንገት ጠየቅኋቸው።

«ኤሊሸቫ፣ ሄሎ ማለት ምን ማለት ነው?»

ዓይናቸው በራ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለሳቸው ከመድኃኒት ይበልጣል። «ምንም ማለት አይደለም» አሉ።

«እንዴት ምንም? ሻሎም ሰላም ማለት ነው። እኛም ጤና ይስጥልኝ ስንል ጤና መለመናችን ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ሄሎ ግን ጩኸት ነው። ድሮ ወንዝ ማዶ ያለውን ታንኳ ቀዛፊ ሲጠሩት እንዲህ የመሰለ ድምፅ ይጮኹ ነበር። አዳኞችም ውሾቻቸውን ሲያጣድፉ እንዲሁ። ሰላምታ አልነበረም። የተማረ ሰው ሰው ቤት ገብቶ ሄሎ ቢል ነውር ነበር፤ አያቴ በሰማች ቁጥር ፊቷን ታጠቁር ነበር።»

«ታዲያ ማን ሰላምታ አደረገው?»

«ስልክ» አሉ። «ስልክ ሲመጣ ሰዎች ግራ ገባቸው። ሌላውን ሰው አታዪውም። ጌታ ይሁን ሎሌ፣ ሴት ይሁን ወንድ አታውቂም። እንዴት አድርገሽ ሰላም ትይዋለሽ? ስልኩን የፈለሰፈው ሰውዬ የመርከበኞችን መጠሪያ እንጠቀም ብሎ ነበር፤ አልሆነለትም። ይህቺ አሸነፈች። ስልክ የሚያገናኙትን ወጣት ሴቶች ሳይቀር የሄሎ ልጃገረዶች ይሏቸው ነበር።» ጣታቸውን አነሱ፤ ተማሪ ፊት የቆሙ መሰላቸው። «ስለዚህ ባንቺ፣ ሄሎ ማለት ማዶ ሰው አለ ወይ? ማለት ነው። እኔ ማን እንደሆንኩ አልናገርም። አንቺም ማን እንደሆንሽ አላውቅም። ብቻ አለሁ፤ አለሽ ወይ?»

ሳህኑን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እኛ አገር ሰላምታ ስንሰጥ ማንን እንደሆነ አይተን ነው። ለትልቅ ዝቅ እንላለን፣ ልጆቹን እንጠይቃለን፣ ከብቱን እንጠይቃለን፣ ዝናቡን እንጠይቃለን፣ ከዚያ የፈጣሪን ስም ጠርተን እንመልሳለን። በዚያ ሁሉ መካከል አንድ የሞተ ሰው ስም ቢደበቅ ውሸቱ ስንት ቦታ ላይ ይሆናል? ይህቺ የእንግሊዝ ቃል ግን የፈጣሪን ስም አትጠራም። «ብሩ ነኝ» አትልም። እንደ ማንም ሰው ካፖርት ናት፤ የለበሳት ሁሉ ይሞቀዋል። ያን ቀን ያሰብኩት እንዲህ ነበር፣ ጅል እኔ።

ማታውኑ ቃኘውን ጠራሁት። ነገርኩት። 

«እታለም፣ እኔ የሞተ ሰው ስም አልጠራም» አለኝ።

«ማን ጥራ አለህ? ሄሎ በል ብቻ። አንዲት ቃል። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ስጠኝ።»

«ብሩ ብላ ብትጠራኝስ?»

«እሷ ትጥራህ። አንተ አልዋሸህም።»

«እናት እንዲህ አትታለልም» አለ። ከዚያ ራሱ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ተነሳ።

ዓርብ መጣ። ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ የሥራ ልብሱን ሳይለውጥ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።  እምዬ «ሄሎ… ሄሎ» አለች። እኔ ጮኼ ሰላም አልኳት። ስልኩን ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሄሎ!» አለ።

 ከዚያ እናቴ አለቀሰች። የደስታ እልልታ ሊሆን የጀመረ፣ ግን ጉልበት አጥቶ ልቅሶ የሆነ ድምፅ ነበር። ሐረጓ ስልኩን ተቀብላ፣ «ተመስገን ትላለች። በላች ባንችዬ፣ አሁን ትበላለች» አለች። ቃኘው በረንዳ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠን። እስኪመሽ ወደ ቤት አልገባም።

ከዚያ በኋላ አንድም ዓርብ አልቀረም። አስቡት፤ ያ ሠርግ ላይ እንኳ በግድ የሚመጣ ሰው፣ ዓርብ ሲሆን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በሬ ላይ ነው። ቆይቶ ልብሱን ለውጦ፣ ጢሙን ተላጭቶ መምጣት ጀመረ። «አንተ፣ በስልክ ትታያለህ እንዴ?» ብዬ አሾፍኩበት። ኮሌታውን ያስተካክላል። መጋዘኑ ውስጥ የዓርብ ተጨማሪ ሰዓት ሲሰጡት እምቢ ማለቱን ከሰው ሰማሁ። አለቃው ለምን ሲለው፣ «እናቴ ትደውላለች» አለ አሉ።

ይህን ስሰማ ተናደድኩ። እናቴን የቀማኝ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። የእኔ እናት የምትሰጠውን ነገር፣ በሳምንት ሁለት ሄሎ፣ ለአንድ ወላጅ አልባ ሰው መሰሰቴ ነበር።

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት እንዲህ አለፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎንደር የቀሩት ይመጣሉ የሚል ወሬ ተነሳ፣ ከዚያ ተቋረጠ፣ ደግሞ ተነሳ። እኔም በዚያ ክረምት የልብ ነገር ጀማመረኝ፤ ሐኪሞቹ ሽቦ አስገቡልኝ፣ «አትደንግጪ» አሉኝ። አባ አቻምየለህ ሊጠይቁኝ መጥተው ብዙ ተቀመጡ። እምዬ ደህና እንደሆነች ነገርኳቸው። «ተመስገን» አሉ።

የአሥራ ስድስቱ ፋሲካ ባለፈ በመጀመሪያው ዓርብ ስልኩ ዘግይቶ ጠራ። «ሄሎ… ሄሎ» ያለው ድምፅ የደከመ ነበር። ሐረጓ ብርድ መቷታል አለችን። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሄሎ አንዳንዴ ትወፍራለች፣ አንዳንዴ ትቀጥናለች፤ እኔ ግን እርጅና ነው፣ ኔትወርክ ነው እል ነበር። አዲስ የመጣው ነገር ሌላ ነበር። አንድ ዓርብ ቃኘው ሄሎውን ብሎ ስልኩን ሊመልስልኝ ሲል ሐረጓ፣ «ቆይ» አለች። ትንሽ ተንተባተበች። «እናትህ… ለምን እምዬ አይለኝም ትላለች።»

ቃኘው አየኝ። እኔም አየሁት። ውሉ አንዲት ቃል ነበር። እኔ ራሴ ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ እሱ ስልኩን ወደ አፉ መለሰው።  አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላወጣት ቃል ናት።

«ሄሎ እምዬ» አለ።

 ከዚያ ሐረጓ፣ «ሰምታሃለች» አለች፣ «ሰምታሃለች ልጄ»፣ ስልኩም ተቋረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሄሎ እምዬ ይላል፤ ሰምታሃለች ትለዋለች። እኔ ኩሽና ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቅስ ነበር፤ ለሽንኩርቱ አመካኝ ነበር።

መስከረም ላይ ሐረጓ ስሟ ሬሺማው ውስጥ መግባቱን ነገረችን። በደስታ ጮህኩ። «እምዬስ?» አልኩ። «ስመጣ ሁሉን እነግርሻለሁ ባንችዬ። ስመጣ» አለች። እኔ የሰማሁት የፈለግሁትን ነው። አብረው ይመጣሉ ማለቷ ነው ብዬ ያዝኩ። ቃኘውን ይዤ ትንሿን ክፍል ቀለም ቀባን። ፍራሽ ገዛን። ቃኘው ማታ ማታ እየመጣ አልጋው አጠገብ እምዬ የምትይዘው የእንጨት መደገፊያ ግድግዳው ላይ ቸነከረ። ስትመጣ ግን እውነቱ ሊወጣ ነው። ስትደርስ ብሩ የለም። ሄሎ ሲላት የኖረው ሰው ሌላ ነው።

«ትጠላኛለች» አለኝ አንድ ቀን፣ መዶሻውን እንደያዘ።

«አትጠላህም። ሁለት ዓመት በሕይወት ያቆየሃት አንተ ነህ።»

ወደ አባ አቻምየለህ ደወልኩ። እናቴ ልትመጣ ነው፣ ቃል የገቡልኝ ቀን ደርሷልና ሽማግሌ ይሰብስቡልኝ፣ መርዶዋን ንገሩልኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ጤናዬን ጠየቁኝ። ከዚያ፣ «ረቡዕ ማለዳ ቤትሽ እንመጣለን» አሉ። እንዴት እንደምንነግራት ሊመካከሩ ነው ብዬ አሰብኩ።

ረቡዕ ገና ፀሐይ ሳትወጣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ደረጃው ሙሉ ሰው ነው። ለምክር ይህን ያህል ሰው አይመጣም። አባ አቻምየለህ ከፊት፣ ከኋላቸው ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ። አሁንም አልገባኝም ብል ማን ያምነኛል? አልገባኝም ነበር። ሻይ ጣድኩ። ስኳር አጥቼ ከጎረቤት ልበደር ስወጣ አንዷ ሴት ክንዴን ይዛ መለሰችኝ።

«ለእምዬ እንዴት እንደምትነግሯት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ባንቺአየሁ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉ አባ አቻምየለህ።

ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶው የእኔ ነበር። እምዬ የሞተችው በፋሲካ ሳምንት ነው። ስድስት ወር ሆኗታል።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ከጮህኩ በኋላ ግን የጠየቅሁትን አውቃለሁ። «ዓርብ ያናገረችኝስ? ባለፈው ዓርብ ሄሎ ያለችኝስ ማን ናት?»

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ስድሳ ዓመት የሆናት፣ አዲስ የተሰጣት ጃኬት የሰፋባት ሴት ወደ ፊት መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ድምፅዋን ስሰማ ነው ያወቅኋት። ሐረጓ ነበረች። ከመጣች ሦስት ቀኗ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ባንችዬ። ልብሽን ታመሻል አሉ። ብቻሽን በስልክ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? አባ አቻምየለህን ጠየቅኋቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ስትመጪ አብረን እንነግራታለን አሉኝ። ስልኩን ስደውል እሷን መስዬ ሄሎ አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ሄሎ ብቻ ነው ያልኩት።»

ወደ አባ አቻምየለህ ዞርኩ። ሁለቱንም ሞት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለእኔ «ትቆይ» ብለው፣ ለሐረጓም «ትቆይ» ብለው፣ ሁለት ሬሳ አንድ ስልክ ላይ ሲነጋገሩ ዝም ብለው ያዩት እሳቸው ናቸው። ለሽማግሌ የማይባል ነገር አልኳቸው፤ እዚህ አልጽፈውም። አልተቆጡም። በትራቸውን ይዘው እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ፣ «በአንቺ ሐዘን ላይ ሐዘን ልጨምር? እንዴት አድርጌ?» አሉ። እስከ ዛሬ ይቅር ልበላቸው አልበላቸው አላውቅም።

ሐረጓ ከእግሬ ሥር ቀና ብላ ሰዉን ታይ ጀመር። «ብሩስ የታለ?» አለች። «ልጄ ብሩ የታለ? እሱን የበደልኩት ይበልጣል። እምዬ በለኝ ብዬዋለሁ። አገኘሽ አይደለችም ያን ያለችው፤ ያኔ ከሞተች ሦስት ሳምንቷ ነበር። እኔ ነኝ። ማሕፀኔ ልጅ አልያዘም፤ አንድ ቀን ብቻ ልስማት ብዬ ነው። ከዚያ መተው አቃተኝ። የታለ? ይቅር ይበለኝ።»

 እሷ መርዶዋን ይዛ ስትመጣ፣ እዚህ ቤት ሌላ መርዶ እየጠበቃት እንደነበር ማንም አልነገራትም። ቃኘው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ለሥራ ሲወጣ ሰዎቹን መንገድ ላይ አግኝቷቸው ተከትሎ የገባ ነው። ግድግዳው ላይ የብሩ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ የመታሰቢያ መብራቷ። ሐረጓ ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። ፎቶውን አየች። መብራቷን አየች። ያን ፎቶ እምዬ ክፍል ውስጥም አይታዋለች፣ ያለ መብራት።

«መቼ?» አለች በቀስታ።

«ሐኑካ ላይ ሁለት ዓመት ይሞላዋል» አልኩ።

ጣቶቿን ስታጥፍ አየኋት፤ ዓርቦቹን መቁጠሯ ነበር። ከዚያ ተወችው። «ታዲያ እኔን እምዬ ሲለኝ የነበረው?»

ቃኘው ወደ መሐል መጣ። ዝቅ ብሎ፣ እንደ አገራችን ወግ ጉልበቷን ሊስም እጁን ዘረጋ።  

«ቃኘው ነኝ» አለ።

ድምፁን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቆይታ እጇን አወረደችና አየችው፤ ያን ዝም ያለ ሰው፣ የተላጨ ጢሙን፣ የሥራ ልብሱን።

«ሐረጓ ነኝ» አለችው።

ሁለቱም አለቀሱ። በመካከላቸው ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ፤ ለእናቴ፣ ደግሞም እንደ አዲስ ለወንድሜ። ከፋሲካ ወዲህ በዚያ ስልክ ላይ እናትም ልጅም አልነበሩም። ወንድሜ ከሞተ በኋላ እናቴ ሄሎ ያለችው ለሌላ ሰው ነው፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ደግሞ እኔ ሄሎ ያልኩት ለሌላ ሰው ነው። ማዶ ሰው ነበረ። የጠራነው ሰው ግን አልነበረም።

ሐረጓ ወደ ሌላ ከተማ ተላከች፣ ወደ አዲስ መጤዎች ማረፊያ። ቃኘው አንድ ሁለት ጊዜ ሄዶ ጠይቋታል፤ ምን እንደተነጋገሩ አልነገረኝም። እምዬ ይላት እንደሆነም አልጠየቅሁትም። ያቺ የቀባናት ክፍል ዕቃ ማስቀመጫ ሆናለች፤ መደገፊያውን ግን ከግድግዳው አልነቀለውም። ስልክ ሲደወልለት አሁን ሄሎ አይልም። መጋዘኑ ውስጥ ይስቁበታል አሉ፤ ሲያነሳው መጀመሪያ ስሙን ይናገራል፣ ከዚያ የደወለው ሰው ስሙን እስኪነግረው ይጠብቃል።

እኔ ዓርብ ሰባት ሰዓት ሲሆን ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ማንም እንደማይደውል አውቃለሁ። ሽንኩርቴን እየከተፍኩ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።